የፕለም ትርጉም

ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ሱፐርማርኬት የገቡት ለሻይ ቅጠል ነበር። ሽንጣቸውን ገትረው ክርክር የገጠሙት ግን ፍራፍሬው ጋ ነው። አንዱ ሣጥን ላይ በእንግሊዝኛ «ፕለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ደግሞ የሕፃን ጡጫ የሚያህል ድቡልቡል ቀይ ፍሬ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ወረቀቱ ተሳስቷል» አሏት ሻጯን፣ ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ እያወጡ። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም እስክሪብቶው አልወጣም። «ፕለም ማለት ጥቁር ወይን ነው። በዘለላ ነው የሚሸጠው።»

«አባባ፣ እኔ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ፕለም ብዬ የምሸጠው ይሄንኑ ነው። ካላመኑኝ ይቅመሱት፣ ሒሳብ የለውም» አለችና አንዱን አጥባ ሰጠቻቸው።

ልጣጩ ኮመጠጣቸው። ውስጡ ጣፈጣቸው። መሃል ሲደርሱ እንደ ጠጠር የጠነከረ ዘር ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ቀጭ አደረገው። መምህሩ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ። ሻጯ ጥርሳቸውን የሰበረች መስሏት ክው አለች። እሳቸውን ያመማቸው ግን ሌላ ነው። ይህንኑ ነገር፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቆማ ነግራቸው ነበር።

በዚያ ዘመን የመማሪያ መጽሐፉ የሚደርሳቸው የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሆኖ ነው። የፍራፍሬው ገጽ ላይ ፕለም የሚል ቃል አለ፤ ከሥሩ ሳህን ላይ የተከመሩ ጥቋቁር ክቦች ይታያሉ። መምህሩ ፕለም በዓይናቸው አይተው አያውቁም። «አላውቀውም» ማለት ደግሞ ሞታቸው ነው። ስለዚህ ጥቁር ወይን ነው ብለው ወሰኑ፤ ወሰኑና አስተማሩ። ዘለላውን ሰሌዳ ላይ አሳምረው ሣሉት። አጠቃቀሙንም በዓረፍተ ነገር አስያዙ፦ ፕለም ከዘለላው እየተቀጠፈ ይበላል፤ ፕለም ዘር የለውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪው በየተራ እየገባ «ፕለም፣ ጥቁር ወይን!» ብሎ በአንድ ድምፅ እየጮኸ ወጣ። አንድም ሰው ምንም አልሆነም፤ ፕለም ማንን አጋጥሞት!

አንዷን ግን አጋጠማት። ሰባተኛ ክፍል ውስጥ የእህታቸው ልጅ ነበረች። እናቷ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። አንድ እንግዳ የሰጣትን ፍሬ ሳትቀምስ ለልጇ ይዛላት ገባች፤ ስሙንም ጠይቃ ነገረቻት። በማግስቱ ልጅቷ እጇን አወጣች።

«አጎቴ... ቲቸር፣ ፕለም ወይን አይደለም። ልጣጩ ይኮመጥጣል፣ ውስጡ ይጣፍጣል፣ መሃሉ ላይ ዘር አለው» አለችና ዘሩን ከመሃረቧ ፈትታ አሳየቻቸው።

እዚህ ላይ ሰውየው «እስቲ አምጪው ልየው» ቢሉ ምን ይጎድልባቸው ነበር? አላሉም። ዘሩን ተቀብለው በመስኮት ወረወሩትና «እናትሽ ከሰው ሳህን ላይ የለቀመችውን ይዘሽ መጥተሽ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» አሏት። የገዛ እህታቸውን! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ደወል እስኪደወል ከሰሌዳው አጠገብ ቆመች።

ከዚያ ወዲህ እጇን አላወጣችም። በእንግሊዝኛው ብቻ አይደለም፤ በሒሳቡም በሳይንሱም። በዓመቱ ፈተና ስትወድቅ መምህሩ «ጎበዝ ነበረች፣ ምን እንደነካት እንጃ» እያሉ ከእህታቸው ጋር ከንፈራቸውን መጠጡ። ቤት ስትመጣም «አጎቴ» ማለቷን ትታ «ቲቸር» ትላቸው ጀመር። አክብሮት መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ የዋህ ናቸው እንዳይባል መምህር ናቸው።

አሁን ግን ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣባቸው። አንድ ኪሎ ፕለም አስመዘኑና ሻይ ቅጠሉን ረስተው ወጡ። እህታቸው ካረፈች አራት ዓመት አልፏል፤ እሷን ይቅርታ ሊጠይቁ አይችሉም። ልጇ ግን አለች። ቢያንስ እሷ ይቅር ትበላቸው።

የእህታቸው ልጅ አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከወንበሩ ላይ ጨርቅ አነሣችላቸው፣ በደህና መምጣታቸውን ጠየቀች፣ ፕለሙን አጥባ በሳህን አቀረበች። ሴት ልጇ መሬት ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

መምህሩ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። «ልክ ነበርሽ» አሉ። «ያላወቅኩት እኔ ነኝ። አንቺንም እናትሽንም ሰው ፊት አዋረድኳችሁ። ይቅር በይኝ።»

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! የልጅነት ነገር። እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። የረሳ ሰው ግን ምን እንደረሳ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። እሷ ትንሽም አልፈለገችም።

መምህሩ ከሳህኑ አንድ ፕለም ሲያነሡ ትንሿ ልጅ ከመሬት ቀና አለች።

«እማዬ፣ ቲቸራችን ሸረሪት ስድስት እግር አላት ብሎናል። ስምንት እኮ ነው። ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ያለችውን ቆጥሬያታለሁ፤ ሁለት ጊዜ።»

«አስተማሪሽ ስድስት ካለ ስድስት ጻፊ። ያየሽውን ለራስሽ ያዢው» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳትነቅል።

«ስምንት ነው» አሉ መምህሩ። «ልጅቷ ልክ ናት።»

እናትየው እጇን ከጨርቁ ላይ አነሣች። ልጇን አየች፣ እሳቸውን አየች። «እንግዲህ ቲቸር ካሉ ስምንት ጻፊ።»

«እኔ ስላልኩ አይደለም!» አሉ መምህሩ። ከወንበራቸው ተነሡ። «እሷ ስለቆጠረች ነው። ቆጥራለች እኮ!»

«እሺ ቲቸር» አለች የእህታቸው ልጅ፣ ሽማግሌን ለማረጋጋት በሚባለው ለስላሳ እሺታ።

ልጅቷ ስድስቱን በላጲስ አጥፍታ ስምንት ጻፈች። ከዚያ ጥቂት አሰበችና ወደ መምህሩ ዞረች። «ቲቸራችን ማን ነገረሽ ቢለኝ እርስዎ ነዎት ልበል?»

እሳቸው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እናቷ መለሰችላት። «አዎ፣ እሳቸው ናቸው በዪው። እኔ ቆጠርኩ እንዳትዪ» አለችና የስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።