ወንበሩ ውስጥ የቀረው

ሶፋ ጠጋኙን ሰፈሩ «ምቾቴ» ይለዋል። የሰውን ወገብ ሲያሳርፍ የራሱ ጎብጦ የቀረ ሰው ነው፤ ቤቱ ብትገቡ ደግሞ ደህና መቀመጫ አታገኙም። ሚስቱ «ባሌ ሰፈሩን በሙሉ ስፖንጅ ላይ አስቀምጦ እኔን እንጨት ላይ ጣለኝ» እያለች ስትስቅበት ኖራለች። በመጨረሻ ስትታመም አንድ ሰፊ ባለመደገፊያ ወንበር ሠራላት፤ እሱ ላይ እንደተቀመጠች አለፈች።

ከቀብሯ ወዲህ መዶሻ አላነሣም። የሰው ሶፋ ሆዱ እንደተቀደደ ተደርድሯል፤ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ይኸው ክረምቱን ሙሉ ልጆቿን ወለል ላይ ታስቀምጣለች። ምቾቴ ጠዋት ይነሣል፣ ከሚስቱ ወንበር ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ይመሽለታል።

ጭንቁ ይኼ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አንድ ልጁ ሩቅ ከተማ የአስተማሪነት ሥራ አግኝታለች፤ ሰኞ መገኘት አለባት። እሷ ግን «አንተ ሥራህን ሳትጀምር ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም» ብላ ሻንጣዋን አልጋ ሥር መልሳ ከታዋለች።

አርብ ከሰዓት መጥታ ከጎኑ ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ የእማዬን ተረት ታስታውሳለህ?»

«እንዴት እረሳለሁ? አንቺን ልታስተኛ ስትጀምር ቀድሜ የምተኛው እኔ ነበርኩ።»

ተረቱ ሁሌም አንድ ነበር። ጀግናው ከቤቱ ይወጣል፤ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ አንዳች ነገር ይሰጠዋል፤ ዋሻ ገብቶ ከአውሬው ጋር ይተናነቃል፤ ለቤቱ የሚሆን ነገር ይዞ ይመለሳል። አውሬው ይለዋወጣል እንጂ መንገዱ ያው ነው።

«እኔ ሲጨንቀኝ፣ አሁን ተረቱ ውስጥ የት ጋ ነኝ? እላለሁ» አለችው። «ፈተና የወደቅሁ ጊዜ ዋሻ ውስጥ ነኝ አልኩ። ዋሻ ደግሞ መውጫ አለው። አንተም አሁን እዚያ ነህ።»

«በዚህ ወገብ ነው ጀግና የምሆነው? አውሬው በሳቅ ይሞታል!»

«ይሙታ! ያው ገደልከው ማለት አይደል?»

ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ ወዲያው እንዳጠፋ ልጅ አፉን በእጁ ያዘ።

«ዋሻህ ታዲያ የቱ ነው?»

ዓይኑ ወደ ሚስቱ ወንበር ሄደ።

ምቾቴ አንድ ወግ አለው። ሶፋ ሲፈታ ከስፖንጁ ሥር የወደቀውን ይለቅማል፤ ማበጠሪያም ይሁን ጉትቻ፣ በትንሽ ከረጢት ቋጥሮ ከሶፋው ጋር ለባለቤቱ ይመልሳል። የሚስቱን ወንበር ያልደፈረው ለዚህ ነው። ከውስጡ የሚወጣውን ለማን ይመልሰዋል?

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ገበያ ስትወጣ ጉጠቱን አነሣ። ምስማሮቹን ነቀለ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ እጁን በመቀመጫውና በመደገፊያው መሃል እስከ ክርኑ ሰደደ። የፀጉር መያዣ አወጣ። ከዚያ ጣቱ ጠጠር የመሰለ ነገር ነካ፤ ዘግኖ አወጣው።

ኪኒን ነበር። ነጫጭ፣ ጠርዙ የሟሟ፣ አቧራ የለበሰ። እጁን መልሶ ሰደደ፤ አሁንም አለ።

በየጠዋቱ በገዛ እጁ የሰጣት ነው። አንድም ቀን አላዛነፈም፤ ጎረቤት ሁሉ ሲሰማ የሚኮራበትም ይኼው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «አንጀቴን እያወጣው ነው፣ ምንም አልፈየደልኝም፤ ይቅርብኝ» ብላው ነበር። «ለኔ ስትይ ዋጪ» አላት። ከዚያ ወዲህ አላጉረመረመችም። ትጎርሳለች፣ ውሃውን ትጠጣለች፣ እሱም ብርጭቆውን ሊያስቀምጥ ዞር ይላል። «ጎበዝ!» ይላታል። ፈገግ ትልለታለች።

እሱ እንዳይከፋው ብላ ነው የደበቀችው። ብቻዋን ነበረች፤ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እጇን ይዞ፣ ብቻዋን ነበረች።

ኪኒኑን እንደጨበጠ አለቀሰ። ጀግናው ይዞት የሚወጣው ይኼን ከሆነ ምነው ባልገባ!

የውጭው በር ሲጮኽ ሰማ። ልጅቷ ይኼን ካየች ሻንጣዋ መቼም ከአልጋ ሥር አይወጣም። ኪኒኑን ጠራርጎ ኪሱ ከተተ።

«ከፈትከው!» ዘንቢሏን በር ላይ ጣለችው። «ምን አገኘህ?»

መዳፉን ዘረጋ። የፀጉር መያዣው ላይ አንዲት ሽበት ተጠምጥማለች።

«ያንቺ ነው፤ ያዢ» አላት። «መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም? እኔ እሱ ነኝ። ለጀግንነቱ ሰው ፈልጊ፤ ባይሆን አንቺው ሂጂ።»

«ሽማግሌው በኋላ ምን ይሆናል? እማዬ ነግራኝ አታውቅም።»

«ሶፋ ይጠግናላ! ምን ይሆናል?»

እየሳቀች አለቀሰች። መያዣውን ከነሽበቱ ፀጉሯ ላይ ሰካችው። እሁድ ሸኛት፤ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ አንድ እጁን አውለበለበ፣ ሌላው ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የዳቦ ቤቷ ባለቤት የመዶሻ ድምፅ ሰምታ እየሮጠች መጣች። ምቾቴ ኪኒኑን በአንዲት ትንሽ ከረጢት ቋጥሮ ከሚስቱ ወንበር ስፖንጅ ሥር አስገብቷል፤ የመጨረሻውን ምስማር እየመታ ነው።

«እሰይ! የኔን ሶፋ የጀመርክ መስሎኝ» ብላ ወንበሩ ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ «እሱ ላይ አይደለም» አላት ቶሎ ብሎ። ከዚያ ለስለስ አለ። «ያንቺ አሁን ይጀመራል። ከውስጡ የወጣውን እመልስልሻለሁ።»

«ሁሉንም? ጉትቻዬ አለ እኮ!»

መዶሻውን እጁ ላይ አገላበጠው።

«ጉትቻሽን እመልስልሻለሁ» አላትና ሶፋዋን ወደ ብርሃን ጎተተው።