ፎርድ የማይገባበት ግቢ

በኤልዛቤት ከተማ፣ በዴዝ ፔንሮዝ ግቢ ፎርድ መኪና አይገባም። የሚስቱ ወንድም ኬቭ እንኳን ስንት ዘመን ፎርዱን መንገድ ዳር እያቆመ በእግሩ ነው የሚገባው።

ዴዝ የፎርድ ተቀናቃኝ የሆነው የሆልደን መኪና ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ የመኪና በር መርማሪ ነበር። በበሩና በመኪናው አካል መካከል ያለውን ክፍተት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ዓይን የማያየውን መዛነፍ ያገኛል። ፋብሪካው ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን አሁንም ኮሞዶር የተባለ ሆልደን መኪናውን በየቅዳሜው አጥቦ ይወለውላል።

ሚስቱ ሎርና የዳሌ መገጣጠሚያዋ በቀዶ ሕክምና ከተቀየረ ወዲህ ከቤት መውጣት ትታለች። ጓደኞቿ የቢንጎ ዕጣ ወደሚጫወቱበት ክለብ ሲጠሯት ደክሞኛል፣ እህቷ ለልደቷ ስትጠራት አሞኛል አለች። ዴዝም አመናት።

አንድ እሑድ ኬቭ መጣ።

«ተነሺ እንጂ! ቢንጎው ሊጀመር ነው። ጓደኛሽ ሮንዳ ወንበርሽን ለሰው አልሰጥም ብላ ከሁሉም ተጣልታለች።»

«በምን እንሄዳለን?»

«በእኔ መኪና ነዋ።»

ሎርና ቃሉን ሳታስጨርሰው ምርኩዟን አንስታ ቆመች። ዴዝ ፈጠን ብላ መነሳቷን አየ።

«እኔ ላድርስሽ ስል ደክሞኛል ትይ የለም እንዴ?»

ኬቭ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያንተ መኪና እኮ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው! ይቺ ሴት በዚህ ዳሌዋ እንዴት አድርጋ ትግባበት?»

ዴዝ ከሆስፒታል ያመጣት ቀን ትዝ አለው። የጣሪያውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር ወደ ወንበሩ የወረደችው። የቁስሉ ሕመም መስሎት ነበር። በማግስቱ የጣቶቿን አሻራ ከጣሪያው ላይ በጨርቅ ጠርጎታል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

ዴዝ አሰበ። «እንጃ» አለ በመጨረሻ።

«እኔም እንጃ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ወጡ። ከደጃፉ እስከ መንገዱ መሬቱ ቁልቁል ነው፤ ሌሊት የዘነበው ዝናብ አልደረቀም። ሎርና ምርኩዟን ተከለች፣ አንድ እግሯን አወረደች፣ ቆመች። ዴዝ ክንዷን ያዘ።

«ኬቭ፣ መኪናህን አስገባው።»

«ምን አልክ?»

«አስገባው አልኩህ። እስከ በሩ ድረስ።»

«ቆይ ስልኬን ላውጣና ልቅረጽህ! ማን ያምነኛል?»

«አፍህን ዝጋና አስገባ!»

ግቢው ግን ሁለት መኪና አያስተናግድም። ዴዝ ሎርናን ከግድግዳው አስደግፎ ወደ ኮሞዶሩ ሄደ፤ ወደ ኋላ አስወጥቶ መንገድ ዳር አቆመው። ሲመለስ ፎርዱ ከደጃፉ ሥር ቆሟል። ሎርና ጀርባዋን አዙራ ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ አረፍ አለች፤ ከዚያ እግሮቿን ተራ በተራ አስገባች። ምንም አልጨበጠችም፤ ከንፈሯንም አልነከሰችም። ለዴዝ ይኼ ከሁሉ የከፋ ነበር።

በሩን ዘጋላት። መስኮቱን አወረደች።

«ከኋላ ቦታ አለ። አትመጣም?»

ዴዝ የኋላውን በር እጀታ ያዘ። ኬቭ አልቀለደም፤ ፊት ለፊቱን እያየ ጠበቀ።

«ሌላ ቀን» አለ ዴዝ፣ እጁን ከእጀታው እያነሳ።

ሎርና ትንሽ አየችው። «እሺ» አለችና መስኮቱን ዘጋች፤ መኪናው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።