የአሥራ አንድ ሰዓቱ በር

ሞተሩ ጮኸ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ነበር። ሽማግሌው የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠና ጆሮውን ወደ ጋራዡ ጣለ። በሩን የዘጋው በአሥራ አንድ ከሩብ ነው፤ በገዛ እጁ፣ በገዛ ሪሞቱ። ዘግቶት የመጣው በር ደግሞ ያለ ሰው እጅ አይንቀሳቀስም።

ይህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ነበር። በየማታው የመጋዘኑን በር በሰም እያተመ ስለሚሄድ የሥራ ባልደረቦቹ «ማኅተም» ብለው ስም አወጡለት። ጡረታ ሲወጣ ሥራው ቀረ፤ ስሙ ግን ተከትሎት ቤት ገባ። ሌላም የተከተለው ነገር ነበር። ከደረት ኪሱ የማትጠፋ ትንሽ ደብተር። መኪናውን አስገብቶ በወጣ ቁጥር ሪሞቱን ይጫንና «11:15 ዘጋሁ» ብሎ እየጻፈ ወደ ቤቱ ያቀናል።

አሁንም ደብተሩን አወጣ። «12:05 ሞተር ጮኸ» ብሎ ጻፈ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባተኛው ነው።

ጫማውን ሳያስር ወጣ። ቤቱን ዞሮ ሲደርስ ትልቁ በር ተዘግቷል። በጎን በኩል ካለችው ትንሽ በር ሹፌሩ ሲወጣ ደረሰበት።

ሹፌሩ የሚስቱ ወንድም ነው። የመጨረሻው ልጅ ስለሆነ እህቱ ናት ያሳደገችው። ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጉልበቱ እንቢ ሲለው ከሥራ ወጣ፣ ቤት ኪራዩም ከበደው፣ ከአራት ወር በፊት ከጋራዡ ጀርባ ያለችው ክፍል ገባ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለ ማኅተም።

«ምንም፣ ጋሼ። ወደ ክፍሌ እያለፍኩ ነው።»

«መንገድህ በጋራዡ ውስጥ ሆነ እንዴ?»

«አንዳንዴ።»

«በሩን ማን ከፈተው?»

ሹፌሩ አየት አደረገው። «ደህና ያምሹ፣ ጋሼ» አለና እያነከሰ ሄደ።

ማኅተም ይህን አስተያየት ያውቀዋል። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጎድሎ ሲጠየቁ ሰዎች እንዲህ ነበር የሚያዩት። ያዘነ የሚመስል ሌባ አይቶ ያውቃል።

መጀመሪያ የጠፋው የመኪናው ክሪክ ነው። ቀጥሎ አረንጓዴው የመፍቻ ሳጥን። ማኅተም አልጮኸም፣ ማንንም አልጠየቀም። ሹፌሩ በማይኖርበት ሰዓት በክፍሉ መስኮት በኩል አለፈ፣ የጫማ ማሰሪያ እንደሚያስር ጎንበስ አለ፣ በመጋረጃው ክፍተት አየ። ከአልጋው ሥር የአረንጓዴው ሳጥን ጥግ ብቅ ብሏል። ክሪኩም አጠገቡ አለ። ማኅተም ቀና አለ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ጥርጣሬው ልክ ሆኗልና። አላለውም።

የዚያን ቀን ለሚስቱ ነገራት።

«ወንድምሽ እሁድ ክፍሉን ይልቀቅ።»

«ወዴት ይሂድ?»

«እግሩ ወደመራው።»

«በየትኛው እግሩ?» አለች። ማኅተም ለወንድሟ ትሟገታለች ብሎ ነበር። አልተሟገተችም። ፊቱን ነው ያየችው፣ ልክ እንደ ወንድሟ። ይኸኛው ደግሞ ከፋው። ሁለቱ ተመካክረዋል ማለት ነው።

ሌላም ነገር ነበር። የመኪናው ሁለተኛ ቁልፍ ከተሰቀለበት ምስማር ላይ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው። ይህን ለማንም አላወራም። ጻፈው ብቻ።

እሁድ እስኪደርስ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሹፌሩ የራሱ ሪሞት የለውም፤ እንግዲያው የማኅተምን አስመስሎ አስቀድቷል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት የበር ባለሙያ አስጠራ። በአሥር ሰዓት ከመንገዱ ዳር አንዲት ፒክአፕ ቆመች፤ ከውስጧ ቱታ የለበሰች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ሴት ወረደች።

«ጌታሽ የት አለ?» አላት ማኅተም።

«የምን ጌታ?»

«ባለሙያው።»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ጌታም ሠራተኛም እኔው ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አያት። የመሣሪያ ቀበቶዋ ያረጀ ነው፤ መዳፏ ሻክሯል። ይህ ደህና ነው። መኪናዋ ግን በጣም ንጹሕ ናት። ይህን አልወደደውም።

ደብተሩን ገለጠ። ጥያቄዎቹን ማታ ጽፏቸዋል።

«አንደኛ። የእኔን ሪሞት ሌላ ሰው አስቀድቶ በሬን ሊከፍት ይችላል?»

«ሪሞቱን ካገኘው ይችላል። የድሮዎቹ ቀላል ናቸው። ኮዱን አጥፍቼ እንደ አዲስ ላስገባልዎት እችላለሁ፤ ያኔ የተቀዳው ሁሉ ይሞታል።»

«ለዚህ ነው የጠራሁሽ። ሁለተኛ። በሩ ይቀየር አትዪኝም?»

ባለሙያዋ በሩን ከታች እስከ ላይ በመዳፏ እያንኳኳች አየች። «ምን ሆነና ይቀየራል? ሳንቃው አልጎበጠም፣ አልዛገም። ከእኔም ዕድሜ ይተርፋል።»

ማኅተም ቅንድቡን ሰበሰበ። ቀይር ትለኛለች ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ሥራ አልፈልግም የምትል ባለሙያ ምን ብታስብ ነው?

ባለሙያዋ ከሞተሩ የተንጠለጠለችውን ቀይ ገመድ ሳበች፤ በሩ ከሞተሩ ተላቀቀ። «እስኪ በእጅዎ ወደ ላይ ያንሱት። ወገብዎ ጋ ሲደርስ ይልቀቁት።»

አነሳ። ለቀቀ። በሩ ትንሽ ቆመና እያቃሰተ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ጤነኛ ሞላ ቢሆን እዚያው ይይዘው ነበር» አለች ከበሩ በላይ ያሉትን ሁለት ጥምዝምዝ ብረቶች እያሳየች። «በሩን የሚያነሳው ሞተሩ አይደለም፣ ሞላው ነው። ደክሟል። ዘንድሮ ባይሰበር ከርሞ ይሰበራል። ሁለቱንም መቀየር ነው።»

«አሃ!» አለ ማኅተም። ጠረኑ አሁን መጣ። «ለምን ሁለቱን? አንዱ ይበቃል።»

«አንድ ቀን ነው የገቡት። አንዱን ብቀይር ሌላው ደግሞ በስድስት ወር ይጠራኛል።»

«ራሴ ብቀይረውስ?»

«ጣቶችዎን ይወዷቸዋል?»

«እሠራባቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ይተዉት። ተጠምዝዞ የታሰረ ነው፤ ሲያመልጥ ብረት ያጎብጣል።» መሰላል ላይ ወጥታ ሞላውን ጠጋ ብላ አየችው። «ይህን ነጭ ነጥብ ማን ነው ያደረገው?»

«የምን ነጥብ?»

«ሞላዎቹ ላይ።»

«ከፋብሪካው ይሆናል» አለ ማኅተም ወደ ሌላ እያየ። ማታ በቀለም ያደረገው ራሱ ነው፤ አሮጌውን አጥባ አዲስ ብላ እንዳትመልስበት።

«ፋብሪካው ሞተሩ ላይም፣ መሰላልዎ ላይም ነጥብ አድርጓል» አለች። አልሳቀችም፤ ድምፅዋ ግን ሳቀ። «ይሁን። እስኪ አሁን ይንገሩኝ። ሪሞቱን ማን ቀዳብኝ ነው የሚሉት?»

ሊነግራት አላሰበም ነበር። የገዛ ቤቱን ገመና ለማያውቃት ሴት! ሆኖም በልቡ ሲያብሰለስለው ከርሟል፤ ወጣለት። ዘግቶ እንደሚገባ፣ ሞተሩ እንደሚጮህ፣ ሲወጣ ሹፌሩን እንደሚያገኘው፣ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር እንዳየው፣ እሁድን እንደቆረጠለት። ደብተሩንም አሳያት።

ባለሙያዋ ከመሰላሉ ወረደችና ገጾቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንዴ ጨረሰች፣ እንደገና ጀመረች።

«ሞተሩ ስንት ጊዜ ነው የሚጮኸው?»

«አንድ ጊዜ። እዚህ ተጽፏል።»

«እርስዎ ዘግተውት ከሆነ፣ ሰውዬው ከፍቶ መልሶ መዝጋት አለበት። ሁለት ጊዜ መጮህ ነበረበት።»

ማኅተም አፉን ያዘ። ሠላሳ አንድ ዓመት ገቢና ወጪ ያስታረቀ ሰው ይህ እንዴት አመለጠው? «አንደኛውን ሳልሰማው ቀርቼ ይሆናል።»

«ሰባቱንም ጊዜ?» ጣቷን በገጹ ላይ አንሸራተተች። «ማክሰኞ ዕለት ሞተር አልጮኸም። ምን የተለየ ነገር ነበር?»

«ዝናብ ነበር። መኪናውን ግን አውጥቼ አስገብቻለሁ።»

«ባለፈው ዓርብም አልጮኸም።»

«ደመና ነበር። ጽፌያለሁ።»

ባለሙያዋ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ጥርት ብሏል። ከግቢው በር አጠገብ፣ ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ ገና እርጥብ የሆነ የዛፍ ጉቶ አለ።

«ይህን ዛፍ መቼ አስቆረጡት?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው። ሌባ ከኋላው ቢቆም አይታይም።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ለአሥራ አንድ ከሩብ አምስት ጉዳይ።»

ቀዩን ገመድ መልሳ አገናኘች፣ በሩን ከፈተች። «እንደ ሁልጊዜው ይዝጉት» አለችው።

ማኅተም ሪሞቱን ተጫነ። ሞተሩ ጮኸ። እጁ በለመደው ወደ ኪሱ ገባ፣ ደብተሩን አወጣ፣ አንገቱን ደፋ፣ እግሩም ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።

«አይጻፉ!» ብላ ጮኸችበት። «ወደዚህ ይዩ!»

ዞረ። በሩ አንድ ክንድ ያህል ወረደ። ቆመ። እንደ ማሰብ አለና ተመልሶ ወጣ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ጋራዡ አፉን እንደከፈተ፣ መኪናው ከእነ ታርጋው ለመንገዱ እየታየ ቀረ።

ማኅተም ደብተሩን እንደያዘ ደረቀ።

ባለሙያዋ ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብለው የተሰኩትን ሁለት ትናንሽ ዓይኖች አሳየችው። «አንዱ ብርሃን ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። መሐል ሰው ወይም ዕቃ ሲገባ በሩ እንዳይጨፈልቅ ይመለሳል። ተቀባዩን አሁን ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ገብታ አሳወረችው። ድሮ ዛፉ ይከልለው ነበር።» ተንበርክካ በመዳፏ ጥላ ሠራችለት። «ይጫኑ።»

ተጫነ። በሩ ወረደ፣ መሬት ነካ፣ ጸጥ አለ። እጇን አንስታ አስከፈተችው፣ አስዘጋችው። ተመለሰ።

«ሁለቱን ዓይኖች ቦታ ባቀያይራቸው ተቀባዩ ለፀሐይዋ ጀርባውን ይሰጣል፣ ይበቃል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሪሞትዎን ማንም አልቀዳውም።»

«እንግዲያው ሹፌሩ…»

«ክፍት ያገኘውን በር ነዋ የዘጋልዎት። ፀሐይዋ ፈቀቅ ካለች በኋላ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ያለውን መጫኛ ይጫናል፣ በትንሿ በር ይወጣል። አንድ ጩኸት።»

ማኅተም ደብተሩን ኪሱ ከተተ። እግሩ ወደ ጋራዡ ጀርባ ወሰደው።

የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ሹፌሩ አልጋው ላይ ተቀምጦ ልብስ ያጥፋል፤ አንድ ሻንጣ ሞልቷል። እህቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። አረንጓዴው ሳጥንና ክሪኩ ከአልጋው ሥር ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሳጥኑን ለምን ወሰድከው?» አለ ማኅተም።

«በሩ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ተበርግዶ ሲውል መንገደኛ እንዳይወስደው ነዋ፣ ጋሼ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ክፍት ትተውት ሄዱ ልበል? ለእርስዎ?» ሸሚዙን እንደገና አጠፈው። «ለእህቴ ነገርኳት።»

ማኅተም ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺስ?»

«ደብተርህን አየሁት» አለች። «ዘጋሁ ይላል። በሩ ግን ክፍት ነው። አንድ ቀን ቢሆን እሺ። በየቀኑ ዘጋሁ ብለህ ትጽፋለህ፣ በየቀኑ ክፍት ነው። አንተ ሰው፣ ምን ላስብ? አእምሮው እየከዳው ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ወንድሜን ሌባ አልክ። በቃ፣ የበሽታው ነው አልኩ።»

ከጉያዋ አንድ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የመኪናው ሁለተኛ ቁልፍ ነው። «የመጀመሪያውንም ልወስድብህ ነበር። እየነዳህ ደግሞ መንገዱን ብትረሳውስ?»

ማኅተም ቁልፉን አላነሳውም። ሌባ ሲጠብቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሱ ሲጠበቅ ነበር። የሰበሰበው ማስረጃ ሁሉ ልክ ነበር፤ የሚመሰክረው ግን በእሱ ላይ ነው።

«ፀሐይ ናት» አለ በመጨረሻ።

«የምን ፀሐይ?» አለች ሚስቱ፣ ከቀድሞው ይልቅ ፈርታ።

«ኑ። ላሳያችሁ።»

አመኑት ለማለት ያስቸግራል። ወንድምና እህት ተያይተው ተከተሉት። ባለሙያዋ ነገሩን ደግማ አሳየቻቸው፤ ሚስቱ በሩ ሲመለስ «ወይ ጉድ!» ብላ ደረቷን ደቃች፣ ሹፌሩ ግን ራሱ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ከልሎ ካላየሁ አለ። ሁለቴ ሞከረው።

ዓይኖቹ ተቀያየሩ። ሞላውን ለቀጣዩ ሳምንት ቀጠሯት። «ሁለቱንም» አለ ማኅተም ሳትጠይቀው። ባለሙያዋ ዕቃዋን ስትጭን «አሮጌዎቹን ለእርስዎ ነው የምተወው፤ ነጥባቸውን ቆጥረው ይረከቡኝ» አለችውና ሄደች።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ማኅተም በሩን ከፈተ፣ ሪሞቱን ተጫነ። ደብተሩን አላወጣም። ሦስቱም ቆመው የበሩ ጠርዝ መሬት እስኪነካ ጠበቁ። ነካ። ማኅተም ሄዶ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። አልተንቀሳቀሰም።

ያኔ ደብተሩን አወጣ። ሲጽፍ ቆየና ከእነ ብዕሩ ለሹፌሩ ዘረጋለት።

«ፈርም።»

«ምኑን?»

«መጋዘን ውስጥ በር የሚዘጋው በሁለት ሰው ፊርማ ነበር። እዚህ ለብቻዬ ስዘጋ ከርሜያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰዓት እዚህ ትገኛለህ።»

«እሁድስ?»

«እሁድም በር ይዘጋል።»

ሹፌሩ ደብተሩን ተቀበለ። «11:50 ሲዘጋ አየሁ» ይላል። አንዴ አነበበው። ገጹን ገልብጦ ከጀርባው የተጻፈ ነገር እንዳለና እንደሌለ አየ። ተመልሶ ወደ በሩ ተመለከተ። ከዚያ ፈረመ።