ክፈቺ፣ ፈሪው ነኝ

ሩፈይዳ ምንጣፉ ዳር የወለቁትን የእንግዶች ጫማ ለሦስተኛ ጊዜ ስታሰልፍ አጎቷ ሙስዓብ ከድንኳኑ ወጥቶ ክንዷን ያዛት።

«ማሎ፣ እባክሽ ተቀመጪ እንጂ። ሐዘንተኛ እንዲህ ይዞራል?»

«እግሬ እምቢ አለኝ፣ አጎቴ።»

አባቷ ሻምበል አብዱልሃዲ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ከሟቹ ርቆ ዓለምን ይዞር ነበር። አንዱ መሪ በአንድ ፊርማ ስንቱን አዳነ፣ ሌላው በግትርነቱ ስንቱን አስፈጀ እያሉ ሽማግሌዎቹ ይከራከራሉ። ለቅሶ ቤት የማይፈታ የዓለም ችግር የለም። ስለ ሻምበሉ ግን «ደግ ሰው ነበር» ብለው ያልፋሉ።

ከስምንት ዓመት በፊት ሰላም ሊያስከብር ሄዶ፣ በሁለት አገሮች ድንበር ላይ አንድ ድልድይ ይጠብቅ ነበር። ጦሮቻቸው በተፋጠጡበት ቀን የሬዲዮው ባትሪ አልቆበት ትእዛዝ ሳይቀበል ቀረ ተባለና ማዕረጉ ተገፎ ወደ ጅማ ተመለሰ። ሰፈራቸው ቦሳ ኪቶ ሻምበል ማለቱን አልተወም፤ ለማክበር ይሁን ለማሾፍ አይታወቅም። ሩፈይዳ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት የፈሪ ልጅ እያሉ ሲሰድቧት ውላ ገባችና ምሳውን እየበላ ሳለ «ፈሪ» አለችው። ጉርሻውን ውጦ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የግቢውን በር በቁልፉ እያንኳኳ፣ «ክፈቺ ሩፊ፣ ፈሪው አባትሽ ነኝ» ይል ነበር፣ እየሳቀ። እሷም እየሳቀች ትከፍትለታለች። ይቅርታ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጠና ያለ ሰው መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ አጠገቧ ቆመ። ኃይለሚካኤል እባላለሁ አላት። ጅማ አጠገብ ባለችው ሰርቦ ከተማ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ድልድዩ ላይ የአባቷ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር።

«ባትሪው አላለቀም፣ ልጄ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ማዶ የቆሙትን መኪኖች ምቱ የሚል ትእዛዝ መጣ። ስድስት ናቸው፣ ሸራ ለብሰዋል። ወታደር ይጫን ስደተኛ አይታይም። አባትሽ ባትሪውን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ‹ኃይሌ፣ አልቋል በል› አለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመ። አልዋሽሽም፣ ፈርቷል።»

«ከዚያስ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ የሁለቱ አገር መሪዎች በስልክ ተነጋግረው ጦራቸውን መለሱ። ዓለም አጨበጨበላቸው፤ ይገባቸዋል። ግን ድልድዩ ላይ ደም ፈስሶ ቢሆን ማን ስልክ ያነሳ ነበር?»

«ሸራው ውስጥ ማን ነበር?»

«መኪኖቹ ዞረው ሄዱ። እስከ ዛሬ አላወቅንም።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«እውነቱ ቢወጣ እኔም አብሬው እከሰስ ነበር። መንታ ሕፃናት ነበሩኝ። ዝም በል አለኝ፤ ዝም አልኩ።»

ሩፈይዳ መጀመሪያ ሰውዬውን ልትጮህበት ፈለገች፣ ቀጥሎ በራሷ ላይ። ሁለቱንም አልቻለችም።

«ይግቡና ለእነሱም ይንገሯቸው» አለችው።

ጫማውን አውልቆ ገባ። ትንሽ ቆይቶ የድንኳኑ ክርክር ጸጥ አለ።

ለቀስተኛው ዱዓ አድርጎ ሲበተን አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሙስዓብ የግቢውን በር ዘግቶ መቀርቀሪያውን ወረወረ። ሩፈይዳ እንደ ልማዷ ጆሮዋን ጣለች። በቁልፍ የሚያንኳኳ የለም።

ሄዳ መቀርቀሪያውን ሳበችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች።