የሚልካ የጾም ዳቦ ቆሎ

ደንበኞቼ የሌብል ናሙና ስሰጣቸው የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልክ ቁጥራቸውን። አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ወረድ ብላ ባለችው ክፍሌ ስድስት ዓመት ሙሉ የማር፣ የበርበሬ፣ የፈሳሽ ሳሙና ሌብል ሳትም ሌላ ዓይነት ሰው አልገጠመኝም። "በደንብ አንብቡት፣ ከታተመ በኋላ የለሁበትም" እላለሁ። ሰውየው ጣቱን ስልኩ ላይ አሳርፎ ቁጥር በቁጥር ይቆጥርና "ልክ ነው" ብሎ ይፈርማል። በዚህ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ። ዘንድሮ ግን ጥፋቱ የራሴ ነበርና የምናደድበት ሰው አጣሁ።

ሚልካ የመጣችው ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሸጎሌ ኮንዶሚኒየም ቤቷ ዳቦ ቆሎ እየሠራች ለቸርቿ ሰዎች ስትሸጥ ቆይታ፣ አሁን ወደ ሱቅ ልታስገባው ፈልጋለች። "ቶሎ ይድረስልኝ" አለችኝ። በእኔ ሥራ ቶሎ ማለት ከባዶ አለመጀመር ማለት ነው። የሌብል ሶፍትዌሩን ከፈትኩና ከሳምንት በፊት ለአንዲት የሱፍ ዱቄት አምራች የሠራሁትን ፋይል ገለበጥኩ። ስሙን ቀየርኩ፣ የሱፉን ሥዕል አጥፍቼ ዳቦ ቆሎ አስገባሁ፣ ቢጫውን ቡኒ አደረግሁ፣ ምን ምን እንደገባበት ከሰጠችኝ ወረቀት ሳላስተውል ገልብጬ ከታች በደቃቅ ፊደል ጻፍኩ። ሚልካ ናሙናውን ተቀብላ ስልኳን ቆጠረች። ልክ ነበር። ሦስት መቶ አተምኩላት፤ ዳቦ ቆሎውም አጠገቤ ያለው የአሽረፍ ሱቅ ገባ።

ክፍሏን የተከራየሁት ከእትዬ ደሳለች ነው። የክርስትና እናቴ ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ በልቼ ማደሬን የሚጠይቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት ነው፣ የሰፈሩን ጾም የሚቆጣጠሩትም እሳቸው ናቸው። የሾማቸው የለም። በርጩማቸውን በር ላይ አውጥተው ይቀመጡና የአላፊ አግዳሚውን አፍ አፍ ያያሉ። ጠዋት ጠዋት "ጽጌረዳ፣ ቁርስ በላሽ?" ይሉኛል። "ኧረ አልበላሁም እትዬ።" "እንግዲያው ከንፈርሽን ጥረጊው" ይሉኛል። አምና አንዷ ጎረቤት ለልጇ እንቁላል ጠብሳ ሽታው ግቢ ቢደርስ፣ እስከ ፋሲካ ሰላምታ ነስተዋታል።

ዘንድሮ ግን ጠባያቸው ለሰለሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሚልካን ዳቦ ቆሎ ከፍተው እየቆረጠሙ መንገደኛውን ይመርቃሉ። "የጴንጤዋ ልጅ እጇ ይባረክ" ይሉኛል። ጉንጫቸው ሳይቀር ሞላ አለ። እኔም የሠራሁት ሌብል ሰው ሲጠቅም በማየቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሚልካ ደወለች።

"ጽጌ፣ አልቋል እኮ። ሌላ አምስት መቶ አትሚልኝ። ደግሞ ከታች ቅቤ የሚለውን አጉዪልኝ። የሸኖ ቅቤ ነው፣ ሰው ይወቅልኝ እንጂ።"

ፋይሉን ከፍቼ ቅቤን አጎላሁ። ከዚያ ሌብሉን በሙሉ ለማየት ገጹን ሳሳንሰው፣ ከላይ በቀኝ በኩል አንድ አረንጓዴ ክብ አየሁ። በክቡ ውስጥ፣ ከሚልካ ስም እኩል በደመቀ ነጭ ፊደል፣ "የጾም" ይላል። ክው አልኩ። የሱፍ ዱቄቱ ምልክት ነው። ሥራ ላይ እንዳይነቃነቅ ብዬ በሶፍትዌሩ የቆለፍኩት ራሴ ነኝ፤ የተቆለፈ ነገር ደግሞ ሌላው ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም።

"ሚልካ፣ የጾም የሚለውን አላየሽውም?"

"እ... ማለቴ፣ አረንጓዴ ነገር አይቻለሁ። መንግሥት አስለጥፉ ያለው ነገር መስሎኝ ነው።"

"የጾም ይላል እኮ።"

"እኛ ስንጾም አንበላም ጽጌ፤ በቃ፣ አለመብላት ነው። እየበሉ የሚጾሙትን ነገር እኔ በምን አውቄ?"

ወደ አሽረፍ ሱቅ ሮጥኩ። እሱ ተረጋግቶ ሰማኝ። "የጾም ይላል፣ የጾም ብዬ ሸጥኩ። ሰዉ እንደውም ጾም እንዲህ ይጣፍጣል ወይ እያለ ነው የሚወስደው።"

"እትዬ ደሳለችስ?"

"በቀን አንድ። እሁድ ሁለት።"

የቀሩትን ፓኬቶች ከመደርደሪያ አወረድን፤ "ቅቤ አለበት፣ የሌብል ስህተት ነው፣ ይቅርታ" የሚል ወረቀት አትሜ ሱቁ ውስጥ ለጠፍኩ። እትዬ ደሳለች ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሱቅ ውስጥ አይገቡም፤ አሽረፍ ነው በር ድረስ የሚያደርስላቸው። ስለዚህ ዝም ብል አያውቁም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሦስት ጊዜ ዝም ልል ወሰንኩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቀን አጉድለው የማያውቁትን ሴት እኔ በአንዲት ክብ አስገድፌያቸዋለሁ። ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። ቢያለቅሱ ግን የት እገባለሁ ብዬ ፈራሁ። ሦስቴም አልሆነልኝም፤ ወጣሁ።

በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እየቆረጠሙ ነበር።

"እትዬ፣ እሱን ያስቀምጡት።"

"ለምን?"

"ጥፋት ሠርቻለሁ። ሌብሉ ላይ ነው፤ የሌላ ሰው ምልክት ቀርቶብኝ... የጾም አይደለም። ቅቤ አለበት።"

እትዬ ደሳለች ማኘካቸውን አላቆሙም። ዋጡና "የሸኖ ነው" አሉ።

"ምኑ?"

"ቅቤው ነዋ። በዚህ ዕድሜዬ ቅቤ የማልለይ መስሎሽ ነው? የመጀመሪያዋን ስቆረጥም ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን በሉት?"

መንገዱን ወዲያና ወዲህ ካዩ በኋላ ነጠላዬን ሳብ አድርገው አስጎነበሱኝ። "ድምፅሽን ቀንሺ። ሐኪሟ ደምዎ አንሷል፣ ዘንድሮ እንዳይጾሙ ብላኛለች። የንስሐ አባቴም ፈቅደውልኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩን ሁሉ በጾም ስቆጣ ኖሬ አሁን ጓዳ ተደብቄ ልብላ? ሲያዞረኝ ግድግዳ እየያዝኩ ነበር የምሄደው። ከዚያ ይኼ መጣ፣ ተጽፎበታል። ሰው እያየኝ በላሁት።"

ልቤ ሁለት ቦታ ሆነ። ግድግዳ ይዘው ሲሄዱ እዚያው ግቢ ሆኜ አለማየቴ አሳፈረኝ፤ ቀኑን ሙሉ ነፍሴ ተጨንቃ መዋሏ ደግሞ አናደደኝ።

"ለእኔ እንኳ ቢነግሩኝ ምን ነበር?"

"ላንቺ ነግሬማ በነጋታው ቁርስ በላሽ ወይ ብዬ በምን አፌ እጠይቅሻለሁ?"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸው አልሳቁም።

"አሁን ክቡን ልታጠፊው ነው?"

"አጠፋሁት። ሌላው ሰው እንደ እርስዎ ፈቃድ የለውማ።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አሉና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ከነጠላቸው ስር በግማሽ ወተት የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። "ሐኪሟ ወተትም ብላለች። የአኩሪ አተር ወተት፣ የጾም፣ ብለሽ አንዲት ብቻ አትሚልኝ። ፊደሉን ጎላ አድርጊው፤ እነዚህ ጎረቤቶቼ ዓይናቸው ደክሟል።"