የደምመላሽ ጭስ ማውጫ

«ራሴን ፈለጠኝ» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ግንባሯን በነጠላ ጥፍር አድርጋ እያሰረች።

«እኔንም እያዞረኝ ነው።»

«ለቅሶ ነዋ፤ ሌላ ምን ይሆናል» አሉ ጥግ የተቀመጡት አሮጊት።

የደሴ ብርድ ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚያረጋበት ጠዋት ነበር። ደምመላሽ ትናንት ተቀብሯል። ሚስቱ ፀሐይነሽ ከቀብር ወዲህ ቃል አልወጣትም። እንዳይበርዳት ብለው በሩንም መስኮቱንም ዘግተው፣ ሟቹ በእጁ በሠራው የብረት ምድጃ እንጨት ሲማግዱ አድረዋል።

ስለዚያ ምድጃ ደምመላሽ ያላለው የለም። «ኮምቦልቻ ያለ ጋቢ የሚያድረው ከእኔ ቤት በሚተርፍ ሙቀት ነው» ይል ነበር፤ የኮምቦልቻ ሰው አመስግኖት አያውቅም እንጂ።

ሴት ልጁ ሰርካዲስ ከድንኳኑ ወደ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ሁሉ ግንባራቸውን አስረዋል። ሐዘን፣ ቤት ሙሉ ሰው ባንዴ ያዞራል? አባቷ ትዝ አላት፦ «ጭስ የሚያስል ሌባ ነው፤ ትነቂበታለሽ። የማያስለውን የፍም ትንፋሽ ፍሪ።»

መስኮቱን በረገደችው። «እናቴን ይዛችሁ ውጡ። ፍሙንም አውጡት።»

ግቢ ወጥታ ቀና አለች። የእድሩ ድንኳን ጫፍ የጭስ ማውጫውን አፍ እንደ ሻሽ ጠምጥሞ ዘግቶታል።

«ጋሼ ስለሺ፣ ይሄን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኛ» አሉ የእድሩ ድንኳን ተካይ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «አምና ንፋሱ አንዱን ድንኳን ቢስቲማ አድርሶታል። ከአባትሽ ጭስ ማውጫ የጸና ምሰሶ ደሴ ውስጥ አለ? ለክብሩ ብዬ ነው።»

«ክብሩ እናቴን ሊገድልብኝ ነበር።»

ስለሺ ወደ ጣሪያው አዩ፣ ከዚያ ወደ ፀሐይነሽ። መሰላል አምጥተው ያዙላት።

«ሴት ልጅ፣ በአባቷ ለቅሶ፣ ጣሪያ ላይ?» አሉ አሮጊቷ።

ሰርካዲስ ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ገመዱን ፈታች።

ክረምት ሊገባ ሲል አባቷ እዚህ ይቆም ነበር። የቀጋ ቅርንጫፍ ከድንጋይ ጋር አስሮ ወደ ቧንቧው እየሰደደ፣ ጥቀርሻውን እየፋቀ፣ የጦሳን ተራራ ያህል ጥላሸት አወጣሁ እያለ ለሰፈሩ ይለፍፋል። ሲጨርስ በቧንቧው አፍ ወደ ታች «ይሰማል?» ይላል። ፀሐይነሽም «አንተን የማይሰማ ማን አለ» ብላ ምድጃውን በጭልፋ ትመታለች። ያኔ መንገዱ ክፍት ነው።

ሰርካዲስ ጎንበስ አለች። ጥቀርሻው የአባቷን ጋቢ ይሸታል።

«ይሰማል?»

ግቢው ሁሉ አንጋጠጠ። ፀሐይነሽ የደገፏትን እጆች ቀስ ብላ አስለቀቀች፤ ወደ ቤት ገባች።

ቆይቶ፣ ከታች፣ ጭልፋ ብረት መታ።

ሰርካዲስ ግንባሯን ቧንቧው ላይ አሳረፈች። ገና ይሞቃል።