ያየኝ ሰው ይነሳ

ባሊክሎን በምትባለው ትንሽ የአየርላንድ ከተማ ሎርካን ቱሂ ያልተከራከረለት ገበሬ የለም። ጥብቅና እንጀራው ነው፤ ነፍሱ ግን ሀርሊንግ ላይ ነበረች፣ እንደ ገና ጨዋታ በዱላ የሚመታው የአገሩ ኳስ ላይ። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ከእንግሊዝ የመጣው ራግቢም ተቻለው! አረንጓዴውን የአየርላንድ ማሊያ ለብሶ ደብሊን ላይ እንግሊዝን ገጠመ። የሀርሊንግ ማኅበሩ ሕግ ደግሞ አይምርም፤ የባዕድ ጨዋታ የተጫወተ ይታገዳል፣ ቆሞ ያየም ይታገዳል።

ማክሰኞ ኮሚቴው ጠራው። ከታገደ የእሁዱ የዋንጫ ጨዋታ ቀረበት፤ እሱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያልማት ያቺን እሁድ ነው።

"ራግቢ ተጫውተሃል አሉ" አሉት ሰብሳቢው ሃንራሃን፣ ልኳንዳ ነጋዴው።

"ማን አለ?"

"ጋዜጣው ነዋ! ፎቶህ ወጥቷል፣ ስምህም ከሥሩ አለ።"

"ጋዜጣ ያላለው ምን አለ?" ሎርካን ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጋው። "ይሄ ደግሞ ጭቃ ነው እንጂ ሰው ነው? እናቴም አትለየኝ።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። የከሳሹ የኮን ግሊሰን ደም ፈላ። "አትቀልድ! አንተ ነህ፤ በዓይኔ በብረቱ…" አለና ምላሱን ነከሰ።

"የት ሆነህ አየኸኝ ኮን?"

ኮን ተመልሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"እሺ፣ ያየኝ ሰው ይነሳ!"

ማን ይነሳ! ግማሹ ኮሚቴ ደብሊን ሄዶ ሲጮህ ነው የዋለው፤ የሰብሳቢው ድምፅ ራሱ እስካሁን እንደሻከረ ነው።

"ምስክር የለም" አሉ ሃንራሃን ፊታቸው በርቶ። "እንግዲህ ሎርካን ራግቢ አልተጫወተም። እሁድ ይሰለፋል፤ አበቃ!"

አፉን ይዞ ቢወጣ ምን ነበረበት? ግን "አልተጫወተም" የምትለዋ ቃል አንገበገበችው። ታዲያ ያንን ማሊያ ለብሶ አፍንጫው እስኪሰበር የታገለው ማን ሊሆን ነው?

ብድግ አለ። "ምስክር አለ፤ እኔ ነኝ። ተጫውቻለሁ፣ ለአየርላንድ! ይሄ ባዕድ ከሆነ የእኔ አገር የቱ ነው?"

"ዝም በል አንተ ሞኝ! እሁድን እኮ አጣሃት!" አሉ ሃንራሃን።

"አውቃለሁ።" አለ ሎርካን። "ሌት ተቀን የተመኘኋት ናት። በውሸት ግን አልሰለፍም።"

ሃንራሃን አማተቡና "ሦስት ወር ታግደሃል" አሉ።

"በሁለት ሳምንት ከስኮትላንድ ጋር የራግቢ ጨዋታ አለብን" አለ ሎርካን ኮፍያውን እያደረገ። "ለእሱም አብራችሁ እገዱኝ፣ ሁለት ጊዜ እንዳትደክሙ።"